መዝያን ያልሰማው ዘፈን

አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ሾፌሩ ቴፑን ከፈተ። መዝያን የመጀመሪያዋ የጊታር ክር ስትነካ አወቃት። ከወንበሩ ተነሣና «አውርደኝ» አለ።

«ዳ መዝያን፣ መንደሩ ገና ነው እኮ! ዳገቱ አለ!» አለ ሾፌሩ፣ ለታላቅ ሰው በሚባለው «ዳ» አክብሮ።

«አውርደኝ ብያለሁ።»

ሾፌሩ አወረደው። ከኋላ ወንበር አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ዝም በል» ብሎ በክርኑ ነካው። መዝያን ከረጢቱን አንግቶ ዳገቱን ተያያዘው። አውቶቡሱ ሲያልፈው የታናሽ ወንድሙ የቡሳድ ድምፅ በመስኮት ወጥቶ ጥቂት አብሮት ሄደ፤ ከዚያ ጠፋ።

ሕጉ የታወቀ ነው። በዚያ ተራራ አገር ወንድሙ የፍቅር ዘፈን ሲዘፍን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው የለም። አባትም ልጁን አይሰማም። ሬዲዮ ከሆነ ይዘጋል፤ የማይዘጋ ከሆነ ታላቅየው ሥራ ትዝ እንዳለው ሰው ተነሥቶ ይወጣል። ክፉ ቃል የለም፣ ኩርፊያ የለም። መዝያን ዘፈኑ የፍቅር ይሁን አይሁን ሳይጠብቅ ዕድሜውን ሙሉ ሲወጣ ኖሯል። ድሮ ቀላል ነበር። ቡሳድ በጉብዝናው ወራት ሁለት ካሴት አወጣ፤ ሰው ወደደለት። ከዚያ ሌላ ዓይነት ዘፈን መጣና እሱ ተረሳ። ጊታሩን ሰቀለ፣ ወይራውን መግረዝ፣ ዘይቱን መጭመቅ ያዘ። ዘፈኑ በዓመት አንዴ ሠርግ ላይ ቢሰማ ነው። መዝያንም በዓመት አንዴ ይወጣል።

ዘንድሮ ነገሩ ተበላሸ። ቡሳድ ሰባን ካለፈ፣ ጥርሱም ከሳሳ በኋላ፣ በዘይት መጭመቂያው ቤት ውስጥ ጊታሩንና አንድ ዋሽንት ነፊ ይዞ አዲስ አልበም ቀዳ። «የቀረው ዘይት» ብሎ ሰየመው። የጎረቤት ዶሮ ጩኸት ሳይቀር ይሰማበታል ይላሉ። እሱ ራሱ ማን ይሰማዋል ብሎ ነበር የለቀቀው። የአልጀርስ ጋዜጦች ግን የዓመቱ ምርጥ ነው ብለው ጻፉ። ሬዲዮው ጠዋትም ማታም ያጫውተው ጀመር። ድሮ ካሴቱን የገዙ፣ ያኔ ጠጉር የነበራቸው ሰዎች፣ መላጣቸውን በኮፍያ ሸፍነው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ መንደሩ ይጎርፉ ጀመር። «የት ጠፍተህ ነው?» ይሉታል። «የት ጠፋሁ? እዚሁ ነኝ፤ እናንተ ናችሁ የጠፋችሁት» ይላቸዋል። ልጆቹ ከአባቶቻቸው ብሰው አበዱለት።

መዝያን መሄጃ አጣ። ቡና ቤት ይገባል፤ ስኒውን ሳያነሣ ዘፈኑ ይጀምራል። ዳቦ ቤት ይሰለፋል፤ ከፊቱ ያለው ጎረምሳ ስልኩ ይዘፍናል። ምንጭ ይወርዳል፤ ከላይ ካለው ሰገነት ይመጣበታል። አንድ ቀን ከጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ጢሙ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ወጣ። ሚስቱ ጁሄር በሩን ተደግፋ እስኪደክማት ሳቀች።

«አንተ ሰው፣ በዚህ አያያዝህ ከመስጊድም ልትወጣ ነው።»

«መስጊድ ውስጥ አይዘፈንም።»

«ኢማሙ እግሩን ሲታጠብ ያንጎራጉራታል አሉ።»

መውጣቱ አይደለም ያስጨነቀው። እግር አለው፤ ይወጣል። ያስጨነቀው፣ አልበሙ ውስጥ በራሱ ስም የተጠራ ዘፈን መኖሩ ነው። «መዝያን» ይባላል። አገር ሰምቶታል፤ ያልሰማው መዝያን ብቻ ነው። የመንደሩ ሰው የወንድሙን ግጥም ፊቱ አያነበንብለትም፤ ነውር ነው። እሱም አይጠይቅም።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ወጣቶች ደጁ ላይ ቆሙ። ከፊት ያለችው ልጅ ሲሊያ ትባላለች፤ ቤጃያ ከተማ የምትማር ተማሪ ናት። ጫማዋ ጭቃ ጠግቧል፤ እሷ ግን ግድ የላትም።

«ዳ መዝያን እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«የዘፈኑ?»

«የአባቴ ልጅ ነኝ። የዘፈን ልጅ አይደለሁም።»

ሲሊያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አንድ ነገር ልለምንዎት። ያችን ሳልዎን አንዴ ያሰሙን። እህ! እህ! ብለው።»

ጓደኛዋ ስልኩን ደግኖ ይጠብቃል።

መዝያን አንድ በአንድ አያቸው። «ሳል የለብኝም» አለ። «ደረቴ ደህና ነው።»

ወጣቶቹ ተያዩ። «ደረቴ ደህና ነው አለ!» አለች ሲሊያ፤ ደስታዋ እንባዋን ሊያመጣው ምንም አልቀረው። ለምን እንዳስደሰታት አልገባውም። በሩን ዘጋ።

ሳል የሚለው ቃል ግን ውስጡ ገብቶ ተቀመጠ። ስለዚያ ቀን ነው ማለት ነው።

ቡሳድ በልጅነቱ ከዘይት ቆርቆሮ ጊታር ሠርቶ ነበር፤ ክሮቿ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ናቸው። አባታቸው ዘፈን አይወድም። መዝያን ከአባቱ ጋር ገበያ ይወርዳል፣ ሲመለሱ በለሱ ዛፍ ጋ ሲደርሱ ይስላል። ወንድ ግቢ ሳይገባ መሳሉ፣ ቤት ያለው ሰው መምጣቱን እንዲያውቅ፣ የአገሩ ልማድ ነው፤ አባትየውም አልጠረጠረ። ቡሳድ ሳሏን ሲሰማ ጊታሯን ገለባ ውስጥ ይቀብራታል። ዓመታት እንዲህ ኖሩ፤ ስለ ነገሩ ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም። አንድ ቀን መዝያን እንደ ወትሮው ሳለ፤ አባትየው ሲገባ ቡሳድ ጊታሯን እንደታቀፈ ተገኘ። አባትየው ቆርቆሮዋን በበትሩ ጠፈጠፋት። ቡሳድ በማግስቱ ሰላም ሳይል ወደ አልጀርስ ሄደ፣ ሁለት ክረምት ቆየ። ሲመለስ ስለዚያ ቀን ምንም አላነሣ። መዝያንም አላነሣ። ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ ወንድሜ ሆን ብዬ ሳሌን የያዝኩበት ይመስለዋል፣ ለአባቴ የሸጥኩት ይመስለዋል እያለ ኖረ። አሁን ይህን ዘፍኖት ከሆነ፣ መዝያን በአገሩ ሁሉ ፊት ወንድሙን የሸጠ ሰው ነው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሁለቱ አብረው ወይራ ገረዙ። ቡሳድ መሰላል ላይ ነው፤ መዝያን ከታች ቅርንጫፍ ይጎትታል።

«እንግዶችህ በዙ» አለ መዝያን።

«በዙ። ትላንት አንዱ ከጥርስህ ጋር ልነሣ ብሎ ፎቶ አነሣኝ።»

«ከየትኛው ጥርስ?»

«ከቀረው።»

«እኔም ዘንድ መጥተው ነበር።»

መጋዙ ቆመ። «ምን አሉህ?»

«ሳልህን አሰማን አሉኝ።»

ቡሳድ ጆሮው ቀላ። ከመሰላሉ አንድ እርከን ወረደና ቆመ። «የዘፈኑ ነገር...» አለ። በሺህ ሰው ፊት የሚዘፍን ሰው ለአንድ ወንድሙ መናገር አቃተው። ቅጠል በጠሰ፣ ጣለው። «ዓርብ ከሰዓት ጓሮዬ ውስጥ ለነዚህ ልጆች እዘፍናለሁ» አለ በመጨረሻ። «እንድታውቀው ብዬ ነው። ገበያ ነገር ብትወርድ።»

«ዓርብ ገበያ የለም።»

«እውነትህን ነው፤ የለም።»

መግረዛቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጁሄር ዳቦና ዘይት ስታቀርብለት፣ መዝያን ሳህኑን እያየ «ሰምተሽዋል?» አላት።

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ ምኑን።»

«ሰምቻለሁ። ሴቶቹ ሁሉ ሰምተናል። ጎረቤታችን ፈታ ሁለቴ አልቅሳለች።»

መዝያን ዳቦውን አስቀመጠ። «ያስለቅሳል?»

«ፈታ ድመት ስትወልድም ታለቅሳለች።»

«ምን ይላል?»

ጁሄር ወገቧን ያዘች። «እኔ ዘፋኝ ነኝ? ሄደህ ስማ።»

«አልቀመጥም።»

«ማን ተቀመጥ አለህ? በቡሳድ ግድግዳ ሥር ያለውን ባቄላ አረም ውጦታል።»

«ማክሰኞ አርሜዋለሁ።»

«ተመልሶ በቅሏል።»

«በሁለት ቀን?»

«ዘንቧል አንተ ሰው! ዓርብ ከሰዓት መኮትኮት አለበት። ገባህ?»

ገባው።

ዓርብ ከስግደት መልስ ኩስኩሱን በላ፣ መኮትኮቻውን ያዘና ባቄላው ውስጥ ገባ። በእሱ ማሳና በቡሳድ ጓሮ መካከል ያለው የድንጋይ ግድግዳ ትከሻ ይደርሳል፤ ጎንበስ ያለ ሰው አይታይም። በወዲያ በኩል ምንጣፍ ሲነጠፍ፣ ሰው ሲሳሳቅ ይሰማል። መላጦቹ ከኮፍያዎቻቸው ጋር፣ ወጣቶቹ ከስልኮቻቸው ጋር፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። ጁሄርም እዚያው ናት። መዝያን አፈሩን ቀስ አድርጎ ይነካካል፤ መኮትኮቻው ድምፅ እንዳያወጣ።

ቡሳድ ጊታሩን ቃኘና ዘፈነ። ድምፁ አርጅቷል፤ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። መዝያን ወንድሙ እንዲህ እንደሚዘፍን አያውቅም ነበር።

አባቴ ሲመጣ፣ በበለሱ ጥላ፣
ይስል ነበር መዝያን፣ ከበቅሎዋ ኋላ።
ጉንፋን የለበትም፣ ደረቱ ደህና ነው፣
ያች ሳል መልእክት ናት፣ ጊታሩን ደብቀው።

መዝያን አንዲት ባቄላ ከአረሙ ጋር ነቀለ። መልሶ ተከላት። ከወዲያ በኩል ሲሊያና ጓደኞቿ ተቀብለው «ደረቱ ደህና ነው» ይላሉ። የነገሩ ክፉ ገና ይመጣል ብሎ ጠበቀ። መጣም።

ያን ዕለት ግን መዝያን፣ ከመንገድ አልነበር፣
ሳል ሳይቀድም መጣ፣ የአባቴ በትር።

መዝያን ቀና አለ። ራሱ ከግድግዳው በላይ ወጣ።

«ነበርኩ!» አለ።

ዘፈኑ ተቋረጠ። ጓሮው ሁሉ ዞሮ አየው። ቡሳድ እጁ ክሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ዳ መዝያን?»

«መንገዱ ላይ ነበርኩ! ከበለሱ ጀምሬ ስያለሁ። በሩ ጋ ስደርስ እንደታመመ ፍየል ስያለሁ። አባታችን ‹ምን ነካህ፣ አጥንት ዋጥክ?› አለኝ። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ትጮሃለህ!»

«እኔ?»

«አንተ! ያች ቆርቆሮህ ከአህያ ትብስ ነበር። እንዴት ትሰማኛለህ?»

አንድ መላጣ ሰውዬ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረና ባሰበት። ቡሳድ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አልነበርክም ብዬ ነው እስከ ዛሬ የማስበው። አባታችን ብቻውን መጣ ብዬ። ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም።»

መዝያን መኮትኮቻውን ተደገፈ። ይህን ሁሉ ዘመን የተሸከመው ነገር በወንድሙ ልብ ውስጥ ኖሮም አያውቅ። ቢናደድ ነው ወይስ ቢደሰት ነው የሚሻለው?

«ታዲያ ሰላም ሳትለኝ ለምን ሄድክ?»

«ሳይነጋ ነው የወጣሁት። ልቀስቅስህ ብዬ ራስጌህ ቆሜ ነበር። ታንኮራፋለህ፤ አሳዘንከኝ።»

«አላንኮራፋም።»

«ታንኮራፋለህ!» አለች ጁሄር ከሴቶቹ መካከል። ጓሮው በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሲበርድ ቡሳድ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ የሌለ ነገር ዘፍኜ ለአገር አዳርሻለሁ።»

«አስተካክለው።»

«አልበሙ ወጥቷል ዳ መዝያን። የወጣ አይመለስም።»

«እዚህ አስተካክለው። እነዚህ ይስሙት።»

ቡሳድ ሰማዩን አየ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ክሩን ነካ።

ያን ዕለትም መዝያን፣ ይስል ነበር ቆሞ፣
ጆሮዬን ደፈነው፣ የኔው ዜማ ቀድሞ።

«ቆሜ አልነበረም» አለ መዝያን። «ከበቅሎዋ ጋር እየሮጥኩ ነበር።»

«ቆሞ ያልኩት ቤት እንዲመታ ነው።»

«ቤት እንዲመታልህ ብለህ እኔን መንገድ ላይ ታቆመኛለህ?»

«ልክ ነው!» አለ ከኮፍያዎቹ አንዱ። «ይሩጥ!»

ቡሳድ እንደገና አሰበ። አሁን ዓይኑ ስቋል።

ያን ዕለትም መዝያን፣ ስሎ ነበር ሮጦ፣
ምን ይሰማል ጅሉ፣ ቆርቆሮ ጨብጦ!

«አሁን ሆነ» አለ መዝያን። «ጅሉ የምትለዋ በተለይ ደህና ናት።»

እልልታው ከሴቶቹ ተነሣ። ወጣቶቹ አዲሷን ስንኝ እየደጋገሙ ያዟት። ሲሊያ ወደ ግድግዳው መጥታ «ዳ መዝያን፣ ይግቡ እንጂ፤ ቦታ አለ» አለችው። መዝያን ከእሷ አልፎ ወንድሙን አየው። ቡሳድ የጊታሩን ጆሮ ይጠመዝዛል፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«የሚቀጥለው የፍቅር ነው» አለ።

«እንግዲያው ባቄላ አለብኝ» አለ መዝያን፤ ጎንበስ ብሎም ጠፋ።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ኮተኮተ። ማሳው ሰፊ ነበር፤ ያን ቀን የተኮተኮተው ግን በግድግዳው ሥር ያለው አንድ ትልም ብቻ ነው።