የይሻው ድንኳን፣ የሙላቴ ደንብ

ጠዋት የእድሩን የለቅሶ ጥሩምባ ነፋሁ። የሞቱት የይሻው እናት፣ እማሆይ ወርቅነሽ ናቸው። እድራችን ያለው አንድ ድንኳን ነው፤ እሱም ከጋፋት ማዶ፣ ናዳው ቤቱን ጠርጎ በወሰደበት በሙላቴ ማሳ ላይ ተተክሏል። ውስጡ ሚስቱ ብዙነሽ አራስ ናት። ልጁ ከተወለደ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

የተከልኩላቸው እኔ ነኝ። የእድሩ ዕቃ በእጄ ስለሆነ ማንንም አልጠየቅኩም። ሙላቴ ራሱ የእድሩ ዳኛ ነው። ናዳው የወረደ ቀን፣ ከጭቃው እንደ ወጣ፣ "ካሳሁን፣ ደንቡን ታውቃለህ" ብሎኝ ነበር። አውቃለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ነፋስ የይሻውን ጣሪያ ገንጥሎ ሲወስድበት፣ ድንኳኑን ቢለምን፣ "የሐዘን ድንኳን ለሐዘን ብቻ ነው" ብሎ የከለከለው ይኸው ሙላቴ ነው። የይሻው ሚስት ፈንታነሽ ክረምቱን በረት ውስጥ ከከብት ጋር አሳለፈች።

እኩለ ቀን ሳይሆን ይሻው ጋቢውን አዘቅዝቆ መጣ። ሰዉም ተከትሎት መጣ። ከጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

"ካሳሁን፣ ንቀል" አለኝ።

"ይሻው ወንድሜ፣ አራስ አለች። ከከተማ፣ ከነጋዴዎቹ ከነሰዒድ እድር እንዋስና..."

"የእናቴን ለቅሶ በውሰት ድንኳን ልቀመጥ? ሃያ ዓመት ያዋጣሁት ለሙላቴ ልጅ ነው?"

 በልቤ እመቤቴን ጠራሁ እንጂ ካስማውን አልነካሁም። ሙላቴ ከድንኳኑ ደጅ ተነሥቶ ዱላውን እንደያዘ ወደ ይሻው ሲራመድ አየሁና መሃል ገባሁ። አልፎኝ ሄደ። ዱላውን ጥሎ ጎንበስ አለና የመጀመሪያውን ካስማ በገዛ እጁ ነቀለ።

"ደንቡ የእኔ ነው" አለ። ሁለተኛውን ነቀለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዝናቡ መጣ እኮ!" አለች ብዙነሽ ከውስጥ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ይሻው ፊቱን ወደ ጉና አዞረ፤ ተው ግን አላለም። ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ዘመመ።

ፈንታነሽ የደረሰችው ያኔ ነው፤ ከለቅሶው ተነሥታ፣ ዓይኗ አባብጦ። ማንንም ሳታናግር ሸራው ሥር ገባች። ሕፃኑን በጋቢዋ ጠቅልላ፣ ብዙነሽን ደግፋ ወጣች።

"ወዴት ነው?" አለ ይሻው።

"ወደ ቤቴ። እናትህ ተገንዘው ወጥተዋል፤ አልጋቸው ባዶ ነው።"

"አብደሻል? የመነኩሲት አልጋ ላይ አራስ? ልጁ ክርስትና እንኳ አልተነሣም፤ ካህናቱ አራስ ቤት አይገቡ!"

"ካህናቱ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ። ድንኳን ፈልገህ የለ? ይኸው፣ ተሸከም! እናትህ ጠዋት ማታ ውዳሴዋን ይደግሙላት የነበረችው እመቤትም አራስ ነበረች። በረት ውስጥ የከረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ አንተማ ጠላ ቤት ነበርክ።"

አንዱ ሳቀና አፉን በጋቢው ሸፈነ። ዝናቡ ወረደ።

እማሆይን ቀበርን። ሦስት ቀን ድንኳኑ ከይሻው ደጅ፣ አራሷ ከቤት ሆኑ። አልቃሾቹ ሙሾውን ከፍ ሲያደርጉ ፈንታነሽ ከበሩ ብቅ ትልና "ቀስ በሉ፣ ልጁ ተኝቷል" ትላለች። ሙላቴና ይሻው በአንድ ድንኳን ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። እኔ መሃላቸው ሆኜ የሁለቱንም ትንፋሽ ሳዳምጥ ሰነበትኩ። አንዱ ክፉ ቃል ከተናገረ እድሩ ለሁለት እንደሚከፈል ሁላችንም እናውቃለን።

በሠልስቱ፣ ከጸሎት በኋላ ይሻው ተነሣ። ሙላቴ ዱላውን ሲጨብጥ አየሁ።

"እድርተኛ፣ ስሙኝ። ሰኞ ሁላችሁም አንድ አንድ ቋሚ እንጨት ይዛችሁ ሙላቴ ማሳ ላይ ተገኙ። ከናዳው ራቅ ብሎ ቤት እንሠራለን። የቀረ ከቀብር እንደ ቀረ ይቆጠር።"

"ይሄ በደንቡ የለም" አለ ሙላቴ በዝግታ።

"የለም እንዴ? ጻፈዋ!" ይሻው ድምፁን ከፍ አደረገ። "አንተን ወድጄ አይደለም። ቤቴን እንድትለቁልኝ ነው!"

"ቀስ በሉ!" አለች ፈንታነሽ ከውስጥ።

ሰኞ ማለዳ ጥሩምባውን ነፋሁ። ልማድ ሆኖበት "ማን ሞተ?" እያለ የወጣው ሁሉ ትከሻው ላይ እንጨት ነበረው። ይሻው ያመጣው ጥድ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሙላቴ በክንዱ ለካው።

"ይረዝማል" አለ።

"ቁረጠዋ" አለው ይሻው፤ መጥረቢያውን አቀበለው።