አንድ ሪደር ለአምስት ሰው

የሃያ ሁለት ሰፈሩ የመጽሐፍ እቁብ ገንዘብ አይሰበስብም። አምስት አባላት አሉት። እያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ ይገባል፣ ወር በመጣ ቁጥር በእጁ ያለውን በቀኙ ለተቀመጠው ያስተላልፋል። ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም አምስቱን አንብቦ የገዛው መጽሐፍ ይመለስለታል፤ ቡና የፈሰሰበትም ከሆነ ከነቡናው። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ካፌ በረንዳ ላይ ነው። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ ስለነበር ማኪያቶው ላይ አቧራ ይነሰነሳል። ቀረፋ ነው ብሎ የጠጣም አለ።

ተስፋልደት በእቁቡ ውስጥ የታወቀው በክርክር ነው። የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ስለሆነ ይሁን አይታወቅም፣ አንዱን ገጸ ባሕርይ እንደ ሞተር ፈታትቶ መልሶ ሲገጥመው አንዲት ብሎን አትተርፈውም። በተለይ ጉቱን ሲረታ ደስ ይለዋል። ጉቱ የቡልቡላ ልጅ ነው፤ አባቱ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ባለ አራት ፎቅ ሠርቶ ያከራያል። ሲያነብ ቀስ ብሎ ነው፣ መነጽሩም ወፍራም ነው። ተስፋልደት ገና የተዋወቁ ሰሞን "የጠርሙስ ቂጥ" ብሎ ስም አወጣለት፣ ስሙም ጸድቆ ቀረ።

"ጉቱ፣ በዚያ መነጽርህ እኮ የነገውንም ጋዜጣ ማንበብ ትችላለህ" ይለዋል።

ጉቱ ይስቃል። ግን መዝግቦ እየያዘ እንደሚስቅ ያስታውቃል።

ታዲያ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የተስፋልደት ዓይን ላይ ሞራ መጣ። ፊደሎቹ በክረምት አውቶቡስ መስኮት ውስጥ እንደተቀመጡ ተሳፋሪዎች ደበዘዙበት። ሐኪሙ መነጽር ብዙም እንደማይረዳው፣ ኦፕራሲዮኑም ትንሽ ቢቆይ እንደሚሻል ነገረው። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ትበርህ ብቻ ናት፤ እሷንም በማርያም አስምሏታል። "ዓይኔ ሊጠፋ ይችላል" ሲል ድምፁ ያልተለወጠ ሰው፣ "ጉቱ ይሰማል" ሲል ላብ አጠመቀው።

እናም ዓመቱን ሙሉ ሳያነብ ተከራከረ። የጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ደመቅ ስለሚል ፀሐይ ላይ ወጥቶ ያነበዋል። ስብሰባው ላይ መጨረሻ ይናገራል። "ደራሲው ያለውና ሊል የፈለገው አንድ አይደለም" ብሎ ይጀምራል፤ ይህ ለየትኛውም መጽሐፍ ልክ ይሆናል። መርታቱን አላቆመም። ማንበቡ ግን ናፈቀው። እሁድ እሁድ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ገጽ ይገልጣል።

"ዛሬስ ምን ይላል?" ትለዋለች ትበርህ።

"ወረቀቱ ጥሩ ነው።"

የእህቱ ልጅ ሉላ ሆስተስ ናት። አንድ ቀን ከዱባይ በረራ ተመልሳ ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ቤቱ ጎራ አለች፤ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ አንድ ስስ ነገር አውጥታ ማንበብ ጀመረች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ኢ-ሪደር ነው አጎቴ። መጽሐፍ ነው፤ ግን ቤተ መጻሕፍት ሙሉ መጽሐፍ።" በጣቷ ነካ ስታደርገው ፊደሉ አደገ። ደግማ ስትነካው እንደገና አደገ።

ተስፋልደት ከእጇ ወሰደውና አንዱን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ቀጣዩን። ትበርህ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ለራሱ አስመጥቶ አርፎ መቀመጥ ይችል ነበር። ግን የእቁቡ መጻሕፍት ወረቀት ናቸው፤ እቁቡ ወደ ሪደር ካልዞረ ቅዳሜ የሚከራከርበትን መጽሐፍ መቼም አያነብም። ስለዚህ በቀጣዩ ስብሰባ ተነስቶ ንግግር አደረገ። በዚያ ዘመን "እድገት" የሚለውን ቃል ቀድሞ የጠራ ሰው ክርክሩን ግማሽ አሸንፎ ነበር የሚጀምረው።

"ዓለም ጥሎን ሄዷል" አለ። "ወረቀት ደግሞ ዛፍ ይጨርሳል።"

"ቢሮህን ከወለል እስከ ጣሪያ በእንጨት አልነበር እንዴ ያስለበጥከው?" አለ ጉቱ።

"እሱ ሌላ ነው።"

"ለዛፉ ያው ነው።"

ሄሊና የእቁቡ ታናሽ ናት፤ በአንድ የአርክቴክቶች ቢሮ ትሠራለች። "ጋሼ፣ እኔ ወረቀቱን ካላሸተትኩ ታሪኩ አይገባኝም" አለች።

"መጽሐፍ ነው ወይስ በርበሬ ነው የምትመርጪው?"

ዓብዱ ፋርማሲ አለው፤ ሁሉንም ነገር ከነጎን ጉዳቱ ነው የሚያየው። "መብራት ሲጠፋስ?" አለ።

"መብራት ሲጠፋ ወረቀቱንስ በምን ልታየው ነው?"

ይህቺ አሳመነች። የእቁቡ ዳኛ እትዬ አሰጋሽ ናቸው። ዕድሜያቸውን ቴሌ ውስጥ የሰው ስልክ ሲያገናኙ ስለኖሩ ሰው እስኪጨርስ መጠበቅ ያውቁበታል። ሁሉም ዝም ሲል ፈረዱ።

"ይሞከር። ግን እቁብ ነንና አንድ ይገዛና በእጣ ይዙር።"

ማንም አልሳቀም። አምስት መጽሐፍ በአምስት ሰው መሐል ሲዞር ሁሉም እጅ ላይ አንድ አንድ እንደሚኖር፣ አንድ ሪደር ሲዞር ግን አራት ሰው ባዶ እጁን እንደሚቀር ያሰበ አልነበረም። ዕቃ ከመጣ እጣ ይወጣል፤ እነሱ የሚያውቁት ይህንን ነው።

ሪደሯን ሉላ አመጣች። መጀመሪያ ሪደሯ አማርኛውን ባዶ ሳጥን ብቻ አድርጋ አሳየች፤ ሉላ የሆነ ነገር ጫነችባትና ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ። እትዬ አሰጋሽ እጣውን ከባርኔጣ አወጡ። ለተስፋልደት ወጣ።

ያን ወር እንደ ልጅ አነበበ። ቢሮ ውስጥ ደንበኛ አቁሞ አነበበ፣ ፀጉር ቤት አነበበ፣ ትበርህ እህል አቅርባ ስትጠራው "ይቺን ምዕራፍ" አለ። አንድ ገጽ ላይ የሚያርፉት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ገጹን ሲገፋ የሚውል ጣቱ ደነዘዘ።

ወሩ አለቀ። ሪደሯ አልመጣችም። "ቻርጀሩ ተበላሽቶ" አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ "አፕዴት እያደረገች ነው" አለ። ቀጥሎ ራሱ ቀረ። ባዶ እጃቸውን የቀሩት አራቱ ሲሰበሰቡ የሚያወሩት ስለ ሲሚንቶ ሆነ፤ በሲሚንቶ ወሬ ደግሞ ጉቱን የሚችለው አልተገኘም። ሄሊና ስልኳን ማየት አበዛች። ዓብዱ ሥራ በዝቶብኛል አለ።

በመጨረሻ እትዬ አሰጋሽ ራሳቸው ደወሉለት። "ተስፋልደት፣ ቅዳሜ ሪደሯን ይዘህ ና። እቁቡ ሊፈርስ ነው።"

መጣ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የአማርኛ ልብ ወለድ ተቀምጧል፤ ገና የማተሚያ ቤት ሽታው አልለቀቀም። ሄሊና አንድ ጊዜ አሽታዋለች።

"ወደ መጽሐፋችን እንመለስ" አሉ እትዬ አሰጋሽ። "ሪደሯን ሄሊና ትውሰዳት፤ ለሥራ ስትወጣ በመንገድ ታንብባት። የምትስማሙ እጃችሁን አንሱ።"

ሦስት እጅ ወጣ። ተስፋልደት ሪደሯን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል።

"ቸኮልን" አለ። "መጽሐፍ ቦታ ይይዛል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኳን መጽሐፍ ሰውም አይበቃው።"

"አንተ የምትኖረው ቪላ ውስጥ ነው" አለ ጉቱ።

"አቧራም ያመጣል።"

ሁሉም ወደ ተቆፈረው መንገድ አዩ።

"እሺ፣ እኔ ልግዛትና ለእናንተ ሌላ..."

"ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል?" አለ ጉቱ። "ለምን ሙጭጭ አልክባት? እስኪ አምጣት፣ ምን አለባት?" እጁን ዘረጋ።

ተስፋልደት ሪደሯን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። አንዴ ከሰጣት ቅዳሜ ከሽፋን ጀርባ የተለቀመ ክርክር ይዞ ሊመጣ ነው፣ እሁድም ወረቀቱን ሊያደንቅ ነው። ካልሰጣት ደግሞ ይህ የጠርሙስ ቂጥ ሊሰማ ነው።

"አይታየኝም" አለ።

"ምኑ?"

"ወረቀቱ። ዓይኔ ሞራ አለበት። እዚህ ላይ ፊደሉን አሳድጌ ነው የማነበው።"

ሄሊና የማኪያቶ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ጉቱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አጠለቀ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአምና።"

"ከአምና።" ጉቱ አሰላሰለ። "እንግዲያው ያ ፋሲካ ሰሞን ያነበብነው፣ ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክረህ ያሸነፍከኝ..."

"ጀርባውን አንብቤዋለሁ።"

"እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤው ነው የመጣሁት። ማስታወሻ ይዤ።"

"ጥሩ ነጥብ አንስተህ ነበር" አለ ተስፋልደት።

ዓብዱ ሊስቅ ሲል አሳለው። ጉቱ ግን ቅር ያለው ከልቡ ነበር። ስለ መነጽሩ የተባለውን ሁሉ ችሎ ኖሯል፤ በጀርባ ሽፋን መረታት ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ መንገዱ ዞረ፤ አንድ ሲኖትራክ አቧራውን አንስቶ አለፈ።

"ሪደሯ እሱ ጋ ትቀመጥ" አሉ እትዬ አሰጋሽ። "እኛም በመጽሐፋችን እንዙር። የቀረው ችግር ይህ አዲሱ መጽሐፍ ነው። ሪደሯ ላይ አለ?"

"የለም። ገና መውጣቱ ነው" አለች ሄሊና።

"እኔ አነብለታለሁ" አለ ጉቱ፣ ዞሮ ሳያይ። "ወደ ቡልቡላ ስሄድ ቤቱ በር ላይ ነው የማልፈው። በዚህ ትራፊክ ደግሞ ገና ቦሌ ሳንገባ ሁለት ምዕራፍ እንጨርሳለን። የሚከራከረኝ ግን አንብቦ ነው። የሚሰማውን በሙሉ ሰምቶ።"

"እሺ" አለ ተስፋልደት።

"ጀርባውን አላነብልህም።"

"እሺ አልኩህ እኮ።"

ያንኑ ዕለት ጀመሩ። የጉቱ መኪና ከካፌው ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ፣ እንደተለመደው፣ ቆመ። ጉቱ መጽሐፉን መሪው ላይ ደግፎ ጮክ ብሎ ማንበብ ያዘ። በዚያው በቀስታው ያነባል፤ እያንዳንዷን ቃል እንደ ተከራይ መታወቂያ አይቶ ነው የሚያሳልፋት። ተስፋልደት ወንበሩን ወደ ኋላ ለቅቆ ዓይኑን ጨፈነ። ባለታሪኳ ከባሏ ቤት ወጣች፣ ታክሲ ያዘች፣ ወዲያው ደግሞ እናቷ ቤት ደረሰች።

"ዘለልክ" አለ ተስፋልደት።

"ምኑን ዘለልኩ?"

"መንገዱን። ከታክሲው እስከ እናቷ ቤት ምን አየች?"

"ዛፍ አየች፣ ሰማይ አየች። አንድ ገጽ ሙሉ ሰማይ ነው።"

"አንብበው።"

"አንተ እኮ ዓመቱን ሙሉ ሙሉ መጽሐፍ ስትዘል ማን ተናገረህ?"

ከፊታቸው ያለው ሚኒባስ ተንቀሳቀሰ። ከኋላ ጡሩምባ ተጀመረ። ጉቱ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ጠብቁ አለና አንድ ገጽ ወደ ኋላ መለሰ።