ሰማያዊው ማሰሪያ

ጉምሂ ሩዙን ጥዳ፣ የደረቀውን ዓሣ ቀጥቅጣ ድስት ውስጥ ከጨመረች በኋላ እንደ ሁልጊዜው ሳህኖቹን ከመደርደሪያው ማውረድ ጀመረች። ከባሕሩ ዳርቻ ላይ ያለችው ሾርባ ቤቷ ጠባብ ናት። አብዛኞቹ ደንበኞቿ ካያክ በሚባል ጠባብ ጀልባ ወጥተው ዓሣ የሚያጠምዱ የሰፈሩ ሰዎች ስለሆኑ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሳህን አላቸው። የባሏ የቴክሱ ሳህን የነበረበት ቦታ ክፍት ነው። ባለፈው መኸር ሲሞት ሳህኑን ከተቃጠለው አስከሬኑ አመድ ጋር አስቀምጣለታለች። በቦታው ሌላ ዕቃ አልተካችበትም።

ከበሩ ውጭ የዱሺክ ድምፅ ተሰማ። ዱሺክ የቴክሱ የባሕር ጓደኛ ነበር። አሁን የአጥማጆቹ ማኅበር የጀማሪዎች አሰልጣኝ አድርጎታል፤ ዛሬም ከከተማ የመጡ ሦስት ወጣቶችን አሸዋው ላይ አቁሞ ያስተምራል።

"ስሙኝ! እዚህ ሰው የሚገድለው ጥልቁ አይደለም፤ ዳሩ ነው። ስትመለሱ፣ ማዕበሉ የሚሰበርበት ከመድረሳችሁ በፊት ጀልባውን በእግር የምትነዱበትን ፔዳል ከወለሉ ቀዳዳ ትነቅሉታላችሁ። ካልነቀላችሁት ከሥር ያሉት ክንፎቹ አሸዋ ይነክሱና ጀልባው በአፍንጫው ይተከላል። ከነቀላችሁት ደግሞ ከጀልባው ጋር ታስሩታላችሁ። 'ጭኔ ላይ ይቆይ፣ ደርሻለሁ' የሚባል ነገር የለም። ጀልባው ሲገለበጥ ያ ብረት ፈልጎ የሚያገኘው ጭንቅላታችሁን ነው።"

"ይከብዳል እንዴ?" አለ አንዱ ልጅ።

"ካንተ ጭንቅላት ይከብዳል።"

"እንግዲያው ቀላል ነው ማለት ነው" አለች ሶዳም የምትባለው ልጅ። ተሳሳቁ።

ዱሺክ አብሯቸው ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቀልዱ ይብቃ። የዚህ ቤት አባወራ ጋሼ ቴክሱ እዚሁ አሸዋ ላይ ነው የቀረው። ዕድሜውን ሙሉ ባሕሩን የሚያውቅ ሰው! አንድ ቀን ማሰር ሰነፈና ቀረ።"

ጉምሂ ጭልፋውን ድስቱ አፍ ላይ አጋደመች። እሳቱን ቀነሰችው።

ልጆቹ የመንሳፈፊያ ሰደርያቸውን ሲለብሱ ዱሺክ እጁን እያሻሸ ገባ።

"እትዬ፣ ትንሽ ቀምሼ ልሂድ። ቃሪያውን ጨመር ያድርጉልኝ።"

በራሱ ሳህን ቀድታ ፊቱ አስቀመጠችለት። አልሄደችም።

"ሰነፈ አልክ።"

"እ?"

"ለልጆቹ። ማሰር ሰነፈ ብለህ ነገርካቸው።"

"እንዲፈሩ ብዬ ነው እንጂ እትዬ… የዛሬ ልጅ ካልፈራ አይሰማም። ጋሼም ቢሆን በዚህ አይቀየመኝም።"

"እሱማ ምን ብሎ ይቀየምሃል።" በጨርቅ ጠረጴዛውን ጠረገች። "ማሰሪያዬን አምጣልኝ።"

"የቱን ማሰሪያ?"

"ሰማያዊውን። ከልጄ ማዘያ ቆርጬ የሰፋሁትን። መኪናህ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን።"

ዱሺክ ማንኪያውን አስቀመጠ።

ቴክሱ የሞተ ዕለት ጠዋት ፔዳሉን በዚያ ማሰሪያ ከጀልባው ጋር ያሰረችው እሷው ነበረች። ጀልባው ተጎትቶ ሲወጣ ማሰሪያው አልነበረም፤ ባሕሩ ወሰደው ብላ ነበር። በበረዶው ወራት ዱሺክ በመኪናው ገበያ ሲያደርሳት ከኋላ ወንበር ሥር አየችው።  ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያለች፣ ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ሾርባ ስትቀዳለት ከረመች።

"የኔ ማሰሪያ ዘለበት እዚያው ባሕር ላይ ተሰበረ" አለ ዱሺክ፣ ሳህኑን እያየ። "ማዕበሉ እየተነሣ ነበር። ጋሼ የራሱን ፈትቶ ወረወረልኝ። 'አንተ ትንንሽ ልጆች አሉህ፤ እኔ ፔዳሉን በእግሮቼ መሃል አጣብቄ እይዘዋለሁ' አለኝ። እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ዘወር ስል ጀልባው ተገልብጧል።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ያን ቀን እንዴት ብዬ? ከዚያ ማኅበሩ 'አላሰረም' ብሎ ደመደመ። ከዚያ በኋላ ከየት ይጀመራል እትዬ?"

"ከዛሬ። ልጆቹ በር ላይ ናቸው።"

ዱሺክ ወጥቶ ማሰሪያውን ይዞ ተመለሰ። በሁለት እጁ አቀረበላት። ጨርቁ በጨው ደርቆ እንደ ቆዳ ጠንክሯል፤ ስፌቱ ግን አንድም ቦታ አልተተረተረም።

ጉምሂ ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ውሃው ወረደች። የሶዳም ጀልባ የኪራይ ነበር፤ ፔዳሉ በአንዲት ቀጭን ገመድ ነው የተያዘው። ጉምሂ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበርክካ ገመዱን ፈታችና ሰማያዊውን ማሰሪያ በፔዳሉ ክንድና በወንበሩ እግር አዙራ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

"ማዕበሉን በመቅዘፊያ እለፊው። ጸጥ ያለው ውሃ ስትደርሺ ፈትተሽ ትተክይዋለሽ። ስትመለሺም ነቅለሽ እንዲሁ ታስሪዋለሽ።"

"እሺ እትዬ። ደግሞ እንዴት ያምራል! የማን ነው?"

"የባለቤቴ። ሁልጊዜ በዚህ ነበር የሚያስረው።"

ሶዳም ጨርቁን መዳሰሷን አቆመች። "ሁልጊዜ? ታዲያ ያን ቀን ለምን ሳያስር ቀረ?"

ሁለቱ ወንዶች ልጆችም ዞሩ። ጉምሂ ቀና ብላ፣ ውሃው እስከ ጉልበቱ ደርሶ የጀልባውን አፍንጫ የያዘውን ዱሺክን አየችው። እንዲናገር ጊዜ ሰጠችው። ትልልቆቹ ማዕበሎች ተከታትለው አልፈው ውሃው ጋብ ብሎ ነበር።

ዱሺክ አፉን ከፈተ። ጉምሂን አየ፣ ልጆቹን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

"ጋብ ብሏል! አሁን ነው፣ አሁን! ሶዳም፣ ግፊ! ወሬውን ስንመለስ!"

ገፉ። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ነጩን አረፋ እየሰነጠቁ አለፉ። ዱሺክ መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ዘወር ብሎ አላየም። ጉምሂ ሁሉም ጸጥ ካለው ውሃ እስኪደርሱ ቆመች፤ ሶዳም ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ስትፈታ ካየች በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሾርባውን አላወረደችም፤ ሲመለሱ ይርባቸዋል። ዱሺክ ግማሹን የተወውን ሾርባ ደፍታ ሳህኑን አጠበችው፤ አደረቀችው፤ በጋዜጣ ጠቅልላ ጠረጴዛው ሥር ካለው ካርቶን ከተተችው። ሲመለስ የሚበላበትን ከእንግዶቹ ሳህኖች አንድ አወጣች።

መደርደሪያው ላይ አሁን ሁለት ሳህን ይጎድላል።