የተገለበጠው ክንፍ

ከድሩ የአውሮፕላን ክንፍ ገልብጦ የፊያት መኪናዋ ጭራ ላይ ሲያስር ያዩት የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠራተኞች በሳቅ ፍርስ አሉ።

«ጓድ ከድሩ፣ ለውጥ ሲባል ያገኙትን ሁሉ መገልበጥ መሰለህ እንዴ?»

እሱ ዞሮም አላያቸው። ክንፍ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው መብረርን ነው። የመኪናዋ ባለቤት፣ የጥጥ እርሻው መካኒክ ካሕሳይም ያሰበው ይህንኑ ነበር። እርሻው ላይ ወድቆ ከተሰባበረ የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን የክንፉን ጫፍ ቆርጦ፣ ባለፈው ሳምንት ጉብታውን ወደ ላይ አድርጎ ተከለው። አዋሽ አርባ መዳረሻ ካለው ኩርባ ላይ በመቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲደርስ ጭራዋ ከመሬት ቀለለ፤ ከመንገድ ወጥታ እሾህ ውስጥ ተሰነቀረች። ካሕሳይ የተረፈው በተአምር ነው። ሚስቱ ንጋትወርቅም ቁርጡን ተናገረች፤ ዛሬ በዚያው ኩርባ ጭራዋ ዳግም ከተንሸራተተ የእሑዱ የአዲስ አበባ የመኪና ውድድር ይቀራል፣ መኪናዋም ትሸጣለች።

ከድሩ ሃያ ዓመት ቆርቆሮ የቀጠቀጠ ባትላሜራ ነው። ነፋስ የስንቱን ቤት ክዳን እንዴት እንደሚያነሳ ያውቃል። በእጁ ይተማመናል፤ ትንሽም ይኮራል፣ ቢኮራስ ምን አለበት።

«አውሮፕላን የሚያነሳ ነፋስ፣ ክንፉ ሲገለበጥ ወደ መሬት ይጫናል» አለ።

የቀረው የክንፉን ማዘንበል መመጠን ነበር። ሲበዛ መኪናዋን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሲያንስ አይጫንም። ስለዚህ ከክንፉ ሥር የጥጥ ፈትል በየቦታው በሙጫ ለጠፈ። ፈትሉ ከተኛ ነፋሱ በደንብ ያልፋል፤ ከተተራመሰ ማዘንበሉ በዝቷል።

«ጋሽ ከድሩ፣ እርስዎ ይገቡባታል?» አለች ንጋትወርቅ።

«ያውም ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ!»

ካሕሳይ መሪውን ያዘ። ከድሩ ገብቶ የኋላው ወንበር ላይ ተንበረከከና በኋላው መስኮት፣ ከፍ ብሎ የታሰረውን ክንፍ ከሥር ይመለከት ጀመር። ቀጥታው መንገድ ላይ ፈትሎቹ ተተራመሱ። አስቆመና ወረደ፤ ሦስት ጣት የነበረውን ማዘንበል ወደ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጎ ብሎኖቹን አጠበቀ።

«ቢስሚላህ። በል አሁን ወደ ኩርባው።»

መቶ። መቶ ሃያ። ከድሩ ፈራ፤ የፈራው ግን ለራሱ አልነበረም፣ መንገድ ዳር ቆማ የቀረችውን ንጋትወርቅን አስቦ ነው። ፈትሎቹ አንድም ሳይቀር ቆርቆሮው ላይ ተኙ። ጭራዋ ወደ አስፋልቱ ሲጫን በጉልበቱ ተሰማው።

«ኩርባው ላይ ደረስን! ልቀንስ?» ጮኸ ካሕሳይ።

ከድሩ ዓይኑን ከክንፉ ሳይነቅል ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ጨምር!»