መትፊያው በእጇ ነው

ረመዳንና ፍልሰታ ገጥመው በመጡበት በ1970 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ሞጣ ላይ ጠዋት ጠዋት አፉን የሚያሟሽ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ክርስቲያኑ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ሙስሊሙ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከንፈሩን ገጥሞ ይውላል። ጓድ ወልዴ የጥርስ ሕክምና ረዳቶች የሚሠለጥኑበትን ትምህርት ይዞ የመጣው እንግዲህ በዚያ ወር ነው። ትምህርቱንም ያደረገው በጠዋት ነው።

ጓድ ወልዴ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ወልደ ሰንበት ነበር። ቢቸና ውስጥ፣ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ አብዮቱ ሲመጣ ሰንበትን ቆርጦ ጣላትና ወልዴ ብቻውን ቀረ። ጥርስ ያውቃል፣ ይህን ማንም አይክደውም። ስለ ድድና ስለ መንጋጋ ሲያስረዳ እንኳን ለሰው ለግድግዳውም ይገባል። ችግሩ እሱ ካልጠየቀው በቀር ሰው እንዲናገር አይወድም። ሲጠይቅም ዓይኑ ከፊት ወንበር አያልፍም። ፊት የተቀመጡት ከቢቸና የመጡት ወንዶች ናቸው፤ የሞጣዎቹ ሙስሊሞች ከኋላቸው፣ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ከሁሉም ኋላ፣ ዝናብ በሚያፈሰው ቆርቆሮ ሥር።

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ሙኒያ ናት፤ እዚያው ሞጣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ሌላዋ ወለተ ሐና ትባላለች፤ የቢቸና ቄስ ልጅ፣ ድምፅዋን ለመስማት ጠጋ ማለት የሚያስፈልግ ዝምተኛ።

ሙኒያን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጣት የእህቷ የዑሙሰልማ ጉንጭ ነው። ዑሙሰልማ መንጋጋዋ ተበልቶ ዓመት ሙሉ ፊቷን በሻሽ ጠፍራ ትውላለች። ክሊኒኩ ደጃፍ ድረስ ሄዳ፣ የሚነቅለው ወንድ መሆኑን ስታይ፣ "ለባዕድ ወንድ አፌን ከፍቼ አልጋደምም" ብላ ተመልሳለች። እንዲህ ያሉ ሴቶች በየግቢው ሞልተዋል። ትምህርቱ ሲያልቅ ከሠልጣኞቹ አንዱ ሞጣ ክሊኒክ ጥርስ ክፍል ይመደባል ስለተባለ፣ ሙኒያን ያ ቦታ እንደ እህል ነበር የራባት።

የተግባር ትምህርቱ ቀን ደረሰ። ጓድ ወልዴ ጨውና የቅርንፉድ ዘይት የገባበት ውኃ በየኩባያው አስቀዳ።

"ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዱ እስከ ጉሮሮው አድርሶ ይጉመጥመጥ፣ አንዱ መትፊያ ሳህኑን ይያዝለት። ውኃው አፍ ውስጥ ይቆይ እንጂ ቶሎ አይተፋ። መሬት ላይ የተፋ ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከዚህ ክፍል ተሰናብቷል። ይኸን መጀመሪያ ቀን ነግሬያችኋለሁ።"

ኩባያ የሚያነሣ ጠፋ። አንዱ ጉንፋን ይዞኛል አለ። ሌላው "እኔ እንኳ ከቤት ተጉመጥምጬ ነው የመጣሁ" አለ። ከቢቸና የመጣው ዲያቆን ገብረ ሕይወት ደግሞ "ጥርሴን አሞኛል" ብሎ ጉንጩን ያዘ፤ በጥርስ ትምህርት ላይ ይኸ ምን ዓይነት ሰበብ እንደሆነ እሱ ይወቀው። ሁሉም ጾመኛ ነው፣ ሁሉም ያውቃል፣ የሚናገር ግን የለም። ጊዜው እንዲያ ነበር። አድኃሪ የተባለ ሰው ሌሊት ተጠርቶ ሲቀር ታይቷል።

ተራው ሙኒያ ጋ ደረሰ።

"እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ጓድ።"

ጓድ ወልዴ ሳቅ አለ። "ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው ተብሏል። ስትመጪ ቤት አስቀምጠሽው ነይ።"

"አፌን ቤት አስቀምጬ ልመጣ አልችልም።"

ከፊት አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሙኒያ ቀጠለች። "ጥያቄ አለኝ። ነገ ጉንጯ ያበጠ ሴት በጠዋት ብትመጣና ጾመኛ ነኝ፣ ይኸ ውኃ አፌ አይገባም ብትል ምን እንበላት? ለሶላት ስንታጠብ ለዘብ አድርገን እንጉመጠመጣለን፤ ጨውና ዘይት እስከ ጉሮሮ ማድረስ ግን ሌላ ነው። ክርስቲያኗም ሳትቆርብ አይሆንላትም። እስቲ እንነጋገርበት።"

"ትጉመጥመጥ፣ እምቢ ካለች ትመለስ! ምን ውይይት ያስፈልገዋል?"

"እንግዲያው በነሐሴ ሞጣ ላይ የምናክመው ሰው አይኖርም።"

በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሙኒያ ጓድ ወልዴ ጥርስ ውስጥ ገባች። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "ነገ ጠዋት እዚህ ፊት ቆመሽ ትጉመጠመጫለሽ። ያለዚያ ስምሽ ይሰረዛል፣ ጉዳዩም ቀበሌ ይሄዳል" አለና ትምህርቱን በትኖ ወጣ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ወለተ ሐና ጃንጥላዋን አካፈለቻት። ጭቃውን እየመረጡ ጥቂት እንደሄዱ፣ "ተዪው በሞቴ። ጎንጨት አድርጊና ትፊው። ፈጣሪ ልብሽን ያያል" አለቻት።

"አንቺስ ለምን አልተጎነጨሽም?"

ወለተ ሐና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከንፈሯ በጾም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሙኒያ አንጀቷ አረረ። ክፍል ውስጥ ጣቷን ቀስራ፣ "እሷስ? ዲያቆኑስ?" ማለት ትችል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነው የመለሰችው። ሰው አሳልፎ መስጠት የጓድ ወልዴዎች ሥራ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ አብሯት ቢቆም ምን ነበረበት? ጃንጥላውን ትታ በዝናቡ ሄደች።

በማግሥቱ ጓድ ወልዴ ከሠልጣኞቹ ፊት አንድ ባዶ ወንበር አስቀምጦ ጠበቃት። ጠረጴዛው ላይ ኩባያና መትፊያ ሳህን አለ።

"እህሳ?"

"ጾመኛ ነኝ" አለች ሙኒያ። ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

"መልካም። አሠራሩ እኔው ላይ ይታያል። የመጨረሻ ሥራሽ ነውና መትፊያውን ያዢ፤ ስጨርስ ትወጫለሽ።"

ኩባያውን አንሥቶ፣ ጉንጩ እስኪወጠር አፉን ሞላ። ወንበሩ ላይ ተደላደለ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ውኃውን እስከ ጉሮሮው አደረሰ፣ ጉንጩን ግራና ቀኝ አጠበ። ሲበቃው ቀና አለና ሳህኑን አምጪ ሲል በአገጩ ጠቆመ።

ሙኒያ ሳህኑን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ወደ ክፍሉም ዞረች።

"ትናንት የጠየቅሁት አልተመለሰም" አለች። "ጾመኛ ታማሚ በጠዋት ብትመጣ ምን እንበላት?"

ጓድ ወልዴ "ምምም!" አለ። እጁን ዘረጋ፣ እሷ አንድ እርምጃ ራቀች። መሬት ላይ እንዳይተፋ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ ኩባያ ውስጥም አይተፋም ያለው እሱው ነው። እንዳይውጠው ያ ቅርንፉድ ሆድ ያገላብጣል፤ ይኸንንም ያስተማራቸው እሱ ነው። ዓይኑ ፈጠጠ። ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ አፉን ያዘ። ሌሎቹ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። ሙኒያ፣ በቃ፣ ለብቻዬ ቀረሁ አለች በልቧ።

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። የቆመችው ወለተ ሐና ናት።

"እኔም ጾመኛ ነኝ" አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ጠጋ ሳይል በሚሰማ ድምፅ። "እናቴ አምና በፍልሰታ ጉንጯ አብጦ ቢቸና ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ተጉመጥመጪ አሏት። ጾመኛ ነኝ አለች። ካልሆነ ሂጂ ብለው መለሷት። ቤት ገባች፣ እብጠቱ አንገቷ ወረደ፣ ሳምንትም አልቆየች።" እንባዋ እየወረደ ነው፤ ቃሏ ግን አልተቆራረጠም። "ከቅዳሴ በኋላ ነይ ቢሏት ትመጣ ነበር። እኮ ይኸን ብቻ! ማንም አላላትም።"

ዛሬም ጉንጩን ይዞ የተቀመጠው ዲያቆን ገብረ ሕይወት እጁን አወረደ። "እውነት ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቢሆን ክርስቲያኑ ሁሉ ይመጣል" አለ። ከኋላ ያሉት ሙስሊሞች ደግሞ ለእኛ ጾም ከሚፈታበት ከመግሪብ በኋላ ነው የሚሆን አሉ። አንዱ፣ እብጠቱ የከፋ ሰው ግን ጾሙን ቢፈታ በእኛ ዘንድ ይፈቀድለታል፤ ይኸንን ሼሁ ይንገሩት እንጂ እኛ አናስገድደው አለ። ንስሐ አባትም እንደዚያው ነው አለ ዲያቆኑ ዞሮ። ፊትና ኋላ ተቀምጠው የሰነበቱ ሰዎች ወንበር አዙረው ይነጋገሩ ጀመር። ሴት ታማሚን ሴት ሠልጣኝ ትመርምራት ያለችው ወለተ ሐና ናት።

ሙኒያ ድንገት ጓድ ወልዴን አስታወሰችው። ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ጉንጩ እንደ ተወጠረ ነው። ዓይኑ ግን ከወለተ ሐና ላይ አልተነሣም። የቢቸና ሰው ነውና እናትዮዋን ያውቃት ይሆናል፤ አያውቃትም ይሆናል። ሳህኑን አቀረበችለት። ተፋ፣ አፉን በመሐረብ ጠረገ፣ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ከነገ ጀምሮ" አለ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ፣ "ትምህርቱ አመሻሽ ላይ ነው። ጠዋት... ጠዋት ውኃው ይቀዘቅዛል።"

ማንም አልሳቀም።

"አንቺም" አለ ወደ ሙኒያ፣ "ረዳት ሆኖ መትፊያ መከልከል ትልቅ ጥፋት ነው። ነጥብ ይቀነስብሻል።"

"ይቀነስ" አለች ሙኒያ። "ስሜስ?"

ኩባያዎቹን መሰብሰብ ያዘ። "ስምሽን ማን ነካው?"

በማግሥቱ የመግሪብ አዛን ካለቀ በኋላ፣ ሠልጣኞቹ ተምርና ቆሎ ተካፍለው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ የክፍሉ በር ላይ ፊቷን በሻሽ የጠፈረች ሴት ቆመች። ዑሙሰልማ ናት። ወንዶቹ ሳይነገራቸው ተነሥተው ወጡ። ጓድ ወልዴ ትንሽ አመነታና፣ የአፍ መስታወቱን ለሙኒያ አቀብሎ እሱም ወጣ። ወለተ ሐና መትፊያውን ያዘች።

ዑሙሰልማ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ሻሹን ፈታች። ሙኒያ እህቷን ያለ ሻሽ ካየቻት ዓመት ሆኗታልና እንባዋ መጣ።

"እትዬ፣ አፍሽን ክፈቺ።"

"እከፍታለሁ" አለች ዑሙሰልማ። "መጀመሪያ ግን የምናገረው አለኝ።"

ሙኒያ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበር ሳበች።

"ተናገሪ" አለቻት።