የቀኛዝማች ባፈና ማንገቻ

ሸዋረጋ የሳጥኑን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሞክራ አልዞር ቢላት ለጋሼ ፍስሃጽዮን ሰጠቻቸው። እሳቸው ከፈቱት። የአባቷ ባለሁለት አፍ ጠመንጃ ከነማንገቻው ተጋድሟል። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚመዝነው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ አየና ጥይት እንዳልጎረሰ አረጋግጦ ቅጽ ሰጣት።

ቀኛዝማች ባፈና ጠመንጃውን ለእድሳት ለንደን የላኩት በስልሳ አምስት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደርግ መጣና አገር ቤት የቀረው መሣሪያቸው ሁሉ ተለቀመ። ይኸኛው ግን ለንደን፣ ፓርክ ሮያል ሰፈር፣ ጋሼ ፍስሃጽዮን በሚሠሩበት የጠመንጃ ማደሻ፣ አሥር ዓመት እየተወለወለ ተቀመጠ። ባለፈው ወር ቀኛዝማች ሞቱ። እንደሳቸው ያለ ሰው ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶው መሃል ይወጣ ነበር፤ ለሳቸው ግን የሚወጣ ጠፋ። እናቷ በዚህ አንጀታቸው አርሮ በሰው እጅ ደብዳቤ ላኩ፤ "ለአርባው የአባትሽን ዕቃ ይዘሽ ድረሺ" የሚል።

ሸዋረጋ የነርስነት ሥራዋን ትታ ሦስት ሳምንት ወረቀት ስታሳድድ ከረመች። አንድም የጎደለ የለም ብላ ተደሰተች። የእንግሊዝ ወረቀት አዲስ አበባ ላይ የሚፈራው ያለ ይመስል!

ቅጹ አዲስ አበባ ላይ ዕቃውን የሚረከበውን ሰው ስምና አድራሻ ይጠይቃል። "መርዕድ ባፈና" ብላ የአንድያ ወንድሟን ስም ጻፈችና ብዕሯ ቆመ።

"መርዕድ ከእስር ከተፈታ ስንት ጊዜው ነው?" አሉ ጋሼ ፍስሃጽዮን ቀስ ብለው።

"ስድስት ወሩ።"

"አሁንም ቀበሌ እየሄደ ይፈርማል?"

"በየሰኞው።"

ሽማግሌው ቅጹ ላይ የጻፈችውን ስም በጣታቸው ነኩ። "እናትሽን አትታዘዢ አልልሽም፣ ልጄ። ግን እዚያ ስትወርጂ ይህን ሳጥን የሚያስከፍተው ወታደር መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ስም ነው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉኝ?" ቱግ አለች።

"ምን ብዬ? የአባትሽ ነው። ደግሞ አልዋሽሽም፣ ለቅሶው መሃል ሲወጣ በልቤ አይቼው ነበር። አሥር ዓመት የወለወልኩት እኮ እኔ ነኝ።"

በሳቸውም፣ በእናቷም፣ በሞተው አባቷም ተናደደች። ከዚያ እንባዋ መጣ። ባዶ እጇን ገብታ እናቷን በየትኛው ዓይኗ ታያቸዋለች? ከኋላዋ የተሰለፈው መንገደኛ ሁሉ እያያት አለቀሰች።

ቅጹን አራት ቦታ ቀደደችው።

"መልሰው ይውሰዱልኝ፣ ጋሼ።"

"ይሻላል። እኔ እስካለሁ ዝገት አይነካውም።"

ክዳኑን ሊገጥሙ ሲሉ እጃቸውን ያዘች። ጎንበስ ብላ ማንገቻውን ከጠመንጃው ፈታችው። ወዙ የጠፋ ቡናማ ቆዳ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ጊዜ ተበጥሶ እናቷ በጅማት ሰፍተውታል፣ እሷ ሳትወለድ በፊት። ስፌታቸውን አይስቱትም። ወገቧ ላይ ሁለት ዙር አዞረችውና ካፖርቷን ቆለፈችበት።

"ሌላ የምታስመዘግቢው ዕቃ አለ?" አላት ሠራተኛው።

"ምንም የለኝም" አለችና ልብስ ብቻ የያዘ ሻንጣዋን ሚዛኑ ላይ አወጣች።