የሚስ ሊን ፈተና

መምህር ኃይለጊዮርጊስ አፉን ሰብስቦ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ ባልመጣ ነበር። ግን ምን ይደረግ፣ እሱ አፉን የሚሰበስብ ሰው አይደለም። ሚዛን ተፈሪ ላይ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቶታል። እሱ ያስተማራቸው ልጆች ሐኪም ሆነዋል፣ ባንክ ገብተዋል፣ ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሌክቸረር የሆነም አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አይገኝም፤ ራሱ ነዋ የሚነግረው!

ያን ዓመት ቻይኖች መንገድ ሊሠሩ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ካምፕ ተክለው ነበር። አስተርጓሚያቸው ሚስ ሊን የምትባል ቀጭን፣ መነጽራም ሴት ናት። አገሯ ላይ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ምግብ ቤት ተገናኙና ወሬው ወደ ተማሪ ሄደ። ኃይለጊዮርጊስ ሆዬ ደረቱን ነፍቶ፣ "የኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍሎች የናንተን ልጆች ያስከነዷቸዋል" አላት።

ሚስ ሊን ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ "እንግዲያው የኛዎቹ የሚፈተኑትን ይፈተኑ" አለችው። ፈተናው እሷ ዘንድ ነበር፤ ካምፕ ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ አገር ቤት የቀሩትን የመሐንዲሶቹን ልጆች በደብዳቤ ታስጠና ነበርና። ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከሲዲ እየሰሙ የሚመልሱት ሊስኒንግ፣ ሌላው አንብበው የሚመልሱት ሪዲንግ ነው። የሪዲንጉን ወረቀት እንዲያባዛ ለኃይለጊዮርጊስ ሰጠችው፣ ሲዲውን ግን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ወረቀቱ እሱ ቤት፣ አማን ሰፈር፣ ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ሰነበተ።

የፈተናው ቀን መብራት ጠፋ። ሚስ ሊን ግን ብልህ ናት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሲዲ ማጫወቻ ይዛ መጥታለች። ቁልፉን ስትጫነው አንዲት ሴት እንግሊዝኛውን ታንበለብለው ጀመር። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። የባለሱቁ ልጅ ሙሐመድኑር እጁን አወጣና፣ "ቲቸር፣ ይቺ ሴትዮ መኪና ሊያመልጣት ነው እንዴ?" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኃይለጊዮርጊስ ግን አልሳቀም፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር። ከሁሉም ተረጋግታ የተቀመጠችው መጨረሻው ረድፍ ላይ ያለችው ሜሪ ብቻ ነበረች።

ይቺ ሜሪ ከወደ ሸኮ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ ኃይለጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በየሁለት ሳምንቱ እቤቷ እየሄደች ስንቅ ታመጣለች። ዝምተኛ ናት። የጠየቋትን ትታ ሌላ ትመልሳለች፣ ጠርተዋት ዝም ትላለች። የኃይለጊዮርጊስ ሚስት እታገኝ፣ "ተዋት፣ አማርኛዋ ገና ነው፤ ይገባታል ብለህ ነው?" እያለች ታልፋት ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም። አንዱ ቤንችኛ፣ አንዱ ከፊኛ፣ አንዱ ሸኮኛ እየተናገረ አድጎ ነው አማርኛን ገበያ ላይ የሚያገኘው።

እርማቱ አስተማሪዎች ቢሮ ውስጥ ተደረገ። ሊስኒንጉ ያሳፍራል፤ የተሻለው ሙሐመድኑር ነው፣ እሱም ግማሹን አግኝቶ። ሪዲንጉ ደህና ነው፣ ክፉ አይደለም። "ቢሆንም ቢሆንም..." እያለ ኃይለጊዮርጊስ ምክንያት ሲደረድር ሚስ ሊን የሜሪን ወረቀት አነሳች። አረመች። ከላይ እስከ ታች ደግማ አየችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

"ሁሉንም አግኝታለች" አለች። "አንድ እንኳን አልሳተችም። እኔ ካስተማርኳቸው ልጆች ይህን ያደረገ አንድም አላውቅም።"

ኃይለጊዮርጊስ ከወንበሩ ተነሳ። "አላልኩሽም! አላልኩሽም ወይ!" ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሚስ ሊን ግን ሁለተኛውን ወረቀት እያየች ነበር፣ የሊስኒንጉን። ሜሪ ከክፍሉ ሁሉ የመጨረሻዋ ነበረች። በጭፍን ያከበበ ሰው የሚያገኘውን ያህል ነው ያገኘችው።

"ሲዲው እኔ ጋ ነበር" አለች ሚስ ሊን ቀስ ብላ። "የሪዲንጉ ወረቀትስ የት ነበር ያደረው?"

"እኔ ቤት።"

"ልጅቷስ የት ነው የምትኖረው?"

ኃይለጊዮርጊስ ክው አለ። "እኔው ግቢ" አለ መሬት መሬቱን እያየ። ሚስ ሊን ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። እሱ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዐሥራ አራት ዓመት የገነባው ስም በባዕድ ፊት! በገዛ ግቢው ባስጠለላት ልጅ!

እቤቱ እንደ ደረሰ ለእታገኝ ነገራት። እታገኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በስመ አብ! ለካ እንዲያ ነው! በር ሲንኳኳ የማትከፍተው፣ ስጠራት የማትመጣው... እኔ የዋህ አማርኛ አልገባት ብሎ ነው እላለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ!"

ሜሪ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች። ኃይለጊዮርጊስ ከፊቷ ሄዶ ቆመ፣ ጥላውን አይታ ቀና አለች።

"ወረቀቱን መቼ ነው የወሰድሽው?"

ልጅቷ አፍ አፉን አየችው። ይህ አመሏ ነው ድሮም የሚያናድደው። "ምንም አልወሰድኩም ቲቸር።"

"ሪዲንጉን ሁሉንም ያገኘች ልጅ ሊስኒንጉ ላይ ምን ነካት? ሲዲውን መስረቅ አልቻልሽማ! ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለሽ? ካለሽ ተናገሪ!"

ሜሪ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ እንባዋ ልብሱ ላይ ይወርድ ጀመር። ኃይለጊዮርጊስም ይህን ጥፋቷን እንደ ማመን ቆጠረው፤ ንጹሕ ሰው ይጮሃል እንጂ ያለቅሳል እንዴ?

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ጋ አቀረባት። ጋሽ ሬድዋን በነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው፣ ነገሩን ሁለቴ አስነግረው ሰሙ። "ፈተና የሰረቀ ይባረራል" አሉ በመጨረሻ። "የተባረረ ደግሞ ዘንድሮ ማትሪክ አይቀመጥም። ስለዚህ ወላጅ ሳይመጣ አልወስንም። እናቷን አስጠሩልኝ።"

እናቷ በየነች የመጣችው በገበያ ቀን ነው። ለልጇ ስንቅ እንዲሆን ጎደሬ በማዳበሪያ አዝላለች፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሜሪን አየቻት፣ ሰላም ግን አላለቻትም። ጋሽ ሬድዋን ጉዳዩን አንድ በአንድ አስረዷት።

"ሌባ?" አለች በየነች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። "ልጄ ሌባ አይደለችም። ኩሩ ናት። ኩራቷን እኔም አውቃለሁ፣ አልደብቅም። ሌባ ግን... የለም! እግዚአብሔር ያውቃል!"

"የምን ኩራት ነው?" አሉ ጋሽ ሬድዋን።

"እናንተ ጋ ከመጣች ወዲህ የኛን ቋንቋ ናቀች። በሸኮኛ አናግራታለሁ፣ አትመልስልኝም። ከኋላዋ እጣራለሁ፣ እየሰማች ዝም ብላ ትሄዳለች። ጎረቤት ይስቅብኛል። አማርኛ ለመደች፣ አማርኛ ብቻ ሆነ ነገሯ። እኔም ተውኳት። አራት ዓመት ሊሆን ነው፣ በቅጡ አላናገርኳትም።"

ኃይለጊዮርጊስ የምሬት ሳቅ አመለጠው። "አማርኛ? ምን ዓይነት አማርኛ፣ እናቴ! እኛ እኮ አማርኛ አይገባትም እያልን ነው የኖርነው! ጠርተናት ዝም ስትል፣ ጠይቀናት ሌላ ስትመልስ፣ ምን ታድርግ፣ እሷ የምትሰማው ሸኮኛ ነው እያልን..."

እዚህ ላይ አቋረጠ። በየነች አፏን ከፍታ ታየዋለች። እሱም ያያታል።

"ታዲያ ይቺ ልጅ" አሉ ጋሽ ሬድዋን፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ "በየትኛው ቋንቋ ነው የምትሰማው?"

ሜሪ ዐይኗን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያመላለሰች ትቃኛለች። በየነች ከወንበሯ ተነሳችና ዞራ ከልጇ ጀርባ ቆመች። በስሟ ጠራቻት። ደግማ ጠራቻት። ሦስተኛው ጥሪ ከጥሪ ይልቅ ጩኸት ነበር፤ ጸሐፊዋ በሩን በርግዳ ገባች፣ መስኮት ላይ የነበሩት ወፎች ተነሱ። የሜሪ ትከሻ ንቅንቅ አላለም። የኃይለጊዮርጊስ ፊት ሲለወጥ አይታ ነው ዞር ያለችው፣ እናቷን ከኋላዋ ቆማ ስታገኛት ምን እንደ ተደረገ ገባት። ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ጋረደች።

ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው ይህ ነው። ኃይለጊዮርጊስ ጠረጴዛውን ተደገፈ። አፍ አፉን የምታየው ለካ ለዚህ ኖሯል! እሱ ምን አድርጎ ነበር? "ዓይን አውጣ! ሴት ልጅ ታላቋን እንዲህ አፍጥጣ አታይም!" ብሎ ዘንድሮ መስከረም ላይ ከፊተኛው ወንበር አስነስቶ መጨረሻ ረድፍ የሰደዳት እሱ ራሱ ነው። ከዚያ የእሱን አፍ ማየት ሲያቅታት ምን ነበራት? መጽሐፍ ብቻ። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ እንኳን ከደጁ አትነሳም ነበር። ሪዲንጉን ያስተማራት እሱ አይደለም።

ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፣ እጇን ከፊቷ ላይ ቀስ አድርጎ አወረደው። "ሜሪ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ወባ ጣለኝ" አለች። "ስነሳ ግማሹ ሄዶ ነበር። ሌላው ቀስ በቀስ ሄደ።"

"ታዲያ ለምን አትናገሪም፣ ልጄ?"

"ደንቆሮ ናት ካላችሁ ወደ ቤት ትመልሱኛላችሁ ብዬ። አማርኛ አታውቅም ስትሉኝ ግን ማንም አያባርረኝም። አማርኛ የማያውቅ እዚህ ብዙ ነው።"

"ሌባ ስልሽስ? ያን ቀን ተናገሪ እያልኩሽ?"

ሜሪ አንገቷን ደፋች፣ መልሳ ግን አፉን ለማየት ቀና አለች። "ሌባ ብላችሁ ብታባርሩኝ ከርሞ ሌላ ትምህርት ቤት እገባለሁ አልኩ። ደንቆሮ ከተባልኩ ግን የትም አልገባም።"

ጸሐፊዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። ጋሽ ሬድዋን ከመደርደሪያቸው አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጡ። ኃይለጊዮርጊስ "ኧረ ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ምን ፈተና ነው!" ብሎ ሊቆጣ ሲነሳ በእጃቸው አስቀመጡት። "ለሷ ብዬ ነው። ነገ ማንም አፉን እንዳይከፍትባት" አሉ። መሐሉን ገልጠው ሰጧት። ሜሪ አንድ ገጽ አነበበችና የተጻፈውን በአማርኛ አስረዳቻቸው፣ ኃይለጊዮርጊስ ራሱ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጠውን ቃል ሳይቀር። ጋሽ ሬድዋን መጽሐፉን ከደኑ።

"ማትሪክ ትቀመጣለች" አሉ። "ከፊተኛው ወንበር የሚያስነሳትንም አያለሁ!"

ኃይለጊዮርጊስ ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፋው። በየነች ግን ገና ከወንበሩ ጀርባ እንደቆመች ናት። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ አልጠረገችውም።

"መምህር" አለች፣ "እኔ እኮ ተቀይሜያት ነው። ስትመጣ ጀርባዬን ሰጥቻት ሥራዬን እሠራለሁ። ረግሜያትም አውቃለሁ። አሁን ምን ልበላት? እንዴት ልበላት?"

"ፊቷ ቆመው ይንገሯት፣ እናቴ። ቀስ ብለው።"

በየነች ዞራ መጣች። ጭቃ የደረቀበትን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና የልጇን አገጭ ያዘች። በሸኮኛ ብዙ ነገር ነገረቻት፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች፣ አንዳንዱን እየደገመች። ሜሪ ዐይኗን ከእናቷ ከንፈር ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ከዚያ በዚያው ቋንቋ አንድ አጭር ነገር ተናገረች።

በየነች "ዋይ!" ብላ መሬቱ ላይ ዘፍ አለች። ኃይለጊዮርጊስ ደንግጦ ክንዷን ያዘ።

"ምን አለችዎት? ምን አለች?"

በየነች ቀና ብላ አየችው።

"'እማዬ፣ ድምፅሽ ምን ይመስል ነበር? ረሳሁት' አለችኝ።"